ምዕራፍ 7፦ ጠብታ፣ ሌዘር ወይስ ቀዶ ጥገና? ከግላኮማ ጋር ለሚኖሩ

በዓይን ሕክምና ክፍል በር ላይ ተራ ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር የተቀመጠ ሰው አንድ ቅሬታ ደጋግሞ ይሰማል፦ «ይኸው ጠብታውን ሳደርግ ከረምኩ፤ ዓይኔ ግን እንደነበረው ነው።» ተናጋሪው ይህን የሚለው በምሬት ነው። ውስጥ ያለው ሐኪም ይህንኑ ቢሰማ ደስ ይለዋል። በግላኮማ ሕክምና «እንደነበረው ነው» ከሚሰሙት ወሬዎች ሁሉ የተሻለው ነው። የጠፋውን ዕይታ የሚመልስ ጠብታም፣ ሌዘርም፣ ቀዶ ጥገናም እስካሁን የለም። ሁሉም የሚሠሩት የቀረውን ለመጠበቅ ነው። ይህ ሳይነገራቸው ሕክምና የጀመሩ ሰዎች የመጀመሪያው ጠርሙስ ሲያልቅ «አልተስማማኝም» ብለው ይተዉታል፤ ዓይናቸው አያማቸውም፣ አይቀላም፣ ፊት ለፊት ያለውንም ያያሉ፤ የሚሸሸው የዳር የዳሩ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፈሳሽ ነው። በዓይናችን የፊት ክፍል ውስጥ ንጹሕ ፈሳሽ ሳያቋርጥ ይመነጫል። እንባ አይደለም፤ ወደ ውጭም አይወጣም። በዓይን ጥግ ባለ ወንፊት መሰል ማጣሪያ አልፎ ወደ ደም ሥር ይመለሳል። ማጣሪያው ሲደፈን ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱም ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን የዕይታ ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ነርቩ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ክሮች አሉት፤ የሞተ ክር አይተካም። የብዙ ጤነኛ ሰዎች የዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ሆኖም 18 ሆኖ ነርቩ የሚጎዳበት ሰው አለ፤ 24 ሆኖ ለዓመታት ደህና የሚቆይም አለ። ሐኪም በአንድ ቁጥር ብቻ የማይፈርደው ለዚህ ነው። ክንድ ላይ የሚለካው የደም ግፊት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ «ግፊቴ ተስተካክሎልኛል» ብለው በዚያ ተማምነው የዓይን ጠብታቸውን የሚያቆሙ አሉ።

ግላኮማ ከዓይን ሞራ ጋር መምታታቱ ከሁሉም የባሰ ጉዳት ያመጣል። ሞራ ቢያጨልምም በቀዶ ጥገና ብርሃኑ ይመለሳል። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው ከሞራ ሲሆን፣ የግላኮማ ድርሻ 5.2 በመቶ ነበር። ሁለቱ በዕድሜ ተያይዘው ስለሚመጡ «ሞራ ነው፣ ይብሰል» ተብለው ቤት የተቀመጡ አዛውንት ሞራው እስኪበስል ነርቫቸው ሊያልቅ ይችላል። በእኛ አገር በርከት ብሎ የሚታይ ኤክስፎሊየሽን የሚባል የግላኮማ ዓይነትም አለ። በሌንሱ ላይ እንደ ፎረፎር ያለ ነጭ ነገር ይጋገርና ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ግፊቱ ከፍ ዝቅ እያለ ቶሎ ይጎዳል። ይህ ዓይነት እንዳለብዎ ከተነገረዎ ቀጠሮ ማሳለፍ ለእርስዎ ከሌላው ይልቅ ያስከፍላል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ምርመራ የዕይታ ስፋት መለኪያውን ነው፤ በሆስፒታል በአጭሩ «ፊልድ» ይሉታል። አንድ ዓይን ይሸፈናል፤ አገጭ ማሳረፊያው ላይ ይቀመጣል። ነጭ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ መሐል ያለችውን መብራት ብቻ እያዩ፣ በዙሪያዋ ብልጭ የሚሉ ነጥቦች በታዩዎ ቁጥር ቁልፍ ይጫናሉ። ለጥቂት ጊዜ ምንም ካልታየ ልብ መምታት ይጀምራል፤ «አለቀልኝ» ይላሉ፤ ከዚያ ያላዩትንም በግምት መጫን ይመጣል። መሣሪያው ግን ሆን ብሎ ብርሃኑን እያደበዘዘ ዓይንዎ የት ድረስ እንደሚደርስ ይፈልጋል። ስለዚህ ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው እንኳ ግማሽ ያህሉን ነጥብ አያይም። ካላዩ አይጫኑ። ሲደክምዎ ቁልፉን ተጭነው ይያዙት፤ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ምርመራው እስኪለቁት ድረስ ይቆማል። የመጀመሪያው ውጤት ባለማወቅ ስለሚዛባ ድጋሚ ቢታዘዝልዎ አይደንግጡ። የታተሙትን ወረቀቶች ሁሉ በአንድ ፖስታ ያስቀምጡ፤ ሆስፒታል ሲቀይሩ አዲሱ ሐኪም ከምንም በላይ የሚፈልገው የድሮዎቹን ነው።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ እንሂድ። አብዛኛው ታማሚ የሚጀምረው በጠብታ ነው። ጠብታዎቹ ወይ የፈሳሹን መመንጨት ይቀንሳሉ፣ ወይ መውጫውን ያቀላጥፋሉ። ከመጀመሪያዎቹ ወገን ቲሞሎል በሰፊው የሚታወቀው ነው፤ ብዙ ጊዜ ጠዋትና ማታ ይደረጋል። ዓይን ላይ ስለሚንጠባጠብ ብቻ ግን ከዓይን አያልፍም ማለት አይደለም። በአፍንጫ በኩል ወርዶ ወደ ደም ስለሚገባ አስም ላለበት፣ የልብ ምቱም ለሚዘገይ ሰው አደገኛ ነው። አዲስ ጠብታ ጀምረው ትንፋሽ ያጠራቸው ሰዎች የሳንባ ሐኪም ዘንድ ሄደው የሚወስዱትን መድኃኒት ሲጠየቁ ጠብታውን ሳይጠቅሱት ይቀራሉ፤ መድኃኒት አይመስላቸውማ!

ከሁለተኛዎቹ ወገን ላታኖፕሮስት በቀን አንዴ፣ ማታ የሚደረግ ነው። ዓይን ያቀላል፤ ሽፋሽፍት ያረዝማል፤ በዓይን ዙሪያ ያለውን ቆዳም ሊያጠቁር ይችላል። ያልተከፈተው ጠርሙስ በተለምዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከተከፈተ በኋላ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ለ6 ሳምንት ያገለግላል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ፣ ከዚያም ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ መስኮት ላይ የሚቀመጥ ጠብታ መልኩ ሳይለወጥ ጉልበቱ ሊያልቅ እንደሚችል ላኪዎቹም ቢያውቁት ጥሩ ነው።

አደራረጉም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዓይን ሊይዝ የሚችለው ከአንድ ጠብታ ያነሰ ነው፤ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ የሚፈስ ገንዘብ ነው። የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርገው አንዷን ጣል ያድርጉ፤ ዓይንዎን ሳያርገበግቡ ይጨፍኑ፤ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል ይጫኑ። ይህ መድኃኒቱን ዓይን ውስጥ ያቆየዋል፤ ወደ ሳንባና ልብ የሚሄደውንም ይቀንሳል። ሁለት ዓይነት ጠብታ ከታዘዘ በመካከላቸው አምስት ደቂቃ ይቆዩ። መግባቱ የማይታወቃቸው አረጋውያን ጠብታው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቆይላቸው ቅዝቃዜው ይነግራቸዋል።

ጾም ሲመጣ የሚያቋርጡ አሉ። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ ጉሮሮ የደረሰውን እስካልዋጡት ድረስ የዓይን ጠብታ ጾም አያስፈታም ብሏል። ልቡ የማይረጋ ሰው ግን ሳያቋርጥ ሰዓቱን ስለመቀየር ሐኪሙን ያማክር፤ ማታ የሚደረገው ጠብታ ለረመዳንም ለዐቢይ ጾምም አያስቸግርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለወላጆች። ልጅ በአለርጂ ዓይኑን ባከከ ቁጥር ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ የሚገዛው ዴክሳሜታዞን ወይም ሌላ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ማሳከኩን በአንድ ቀን ጸጥ ያደርጋል፤ ለወራት ሲደጋገም ደግሞ የዓይን ግፊት ከፍ አድርጎ የልጁን ነርቭ ይበላል።

ጠብታ የዕድሜ ልክ ወጪ ነው። በየወሩ ለመግዛት አቅም ያለው፣ ፋርማሲ ቅርቡ የሆነ፣ የሚያስታውሰውም ሰው ያለው ይገፋበታል። ከወረዳ ከተማ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ለሚመላለስ ሰው ግን «ጠብታው እስኪያቅት እንሞክር» የሚለው ቅደም ተከተል የሚጠቅመው አይመስለኝም። ይህን የሚደግፍ ማስረጃ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ አለ። በታንዛኒያ ሞሺ በሚገኘው የኪሊማንጃሮ ክርስቲያን ሕክምና ማዕከል ተካሂዶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ኤስኤልቲ የተባለውን ሌዘር ከቲሞሎል ጋር አወዳድሮ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የሠመረላቸው ዓይኖች በሌዘር 61፣ በቲሞሎል 31 በመቶ ሆኑ። በእንግሊዝ 718 ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናትም በሌዘር ከጀመሩት አራት ሰዎች ሦስቱ ያህል ከሦስት ዓመት በኋላ ያለ ጠብታ ግፊታቸው ተይዞ ነበር ይላል።

ሌዘሩ ተቀምጠው የሚሠራ፣ ደቂቃዎች ብቻ የሚፈጅ ነው። ዓይን ይደነዝዛል፤ አንድ መነጽር መሰል ሌንስ ኮርኒያው ላይ ያርፋል፤ አረንጓዴ ብልጭታ ያያሉ፤ የዚያኑ ዕለት ቤትዎ ይገባሉ። ውጤቱ ለመታየት ሳምንታት ይፈልጋል። ዘላለማዊም አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ሲደክም ሊደገም ይችላል። ማጣሪያው ያለበት የዓይናቸው ጥግ ለተዘጋባቸው ሰዎች የሚሠራው ሌዘር ግን ሌላ ነው፤ እሱ በዓይን ቀለም ክፍል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይከፍታል። የእነዚህ ሰዎች ዓይን አንዳንዴ በድንገት ይቀላል፤ ከራስ ምታትና ከትውከት ጋር ከባድ ሕመም ይመጣል፤ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታያል። ጨጓራ ነው ተብሎ ማደር የለበትም፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ነው። ሌዘሩ በሁሉም ቦታ አይገኝም፤ ሪፈር ሲጻፍልዎ «ሌዘር ያለበት ቦታ ይሁንልኝ» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ቀዶ ጥገናው ትራቤኩሌክቶሚ ይባላል፤ በ1968 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ከቀረበ ወዲህ እየተሻሻለ እስካሁን ይሠራበታል። ሐኪሙ ከላይኛው ቆብ ሥር በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ያበጃል። ፈሳሹ ከስሱ ሽፋን ሥር ተጠራቅሞ ትንሽ እብጠት ይሠራል፤ ቆቡ ስለሚሸፍነው ሰው አያየውም። ጠባሳ መውጫውን መልሶ እንዳይዘጋ ማይቶማይሲን የሚባል መድኃኒት ይጨመራል። ጠባሳ የመሥራት ዝንባሌ በአፍሪካውያን ዘንድ ስለሚበዛ ነገሩ እኛን ይመለከታል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ከቀዶ ጥገናው ያላነሰ ዋጋ አላቸው፤ ሐኪሙ ግፊቱን እያየ ክር የሚቆርጠው ያኔ ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ለእነዚያ ሳምንታት ማረፊያ ሳያዘጋጅ ቀዶ ጥገናው ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ሕመም፣ መቅላትና ፈሳሽ ከዓመታት በኋላም ቢመጣ የዕለቱ ጉዳይ ነው፤ በዚያች ስስ እብጠት በኩል ጀርም ሊገባ ይችላል።

ጠበልን በተመለከተ መከራከር አልወድም፤ ሃይማኖትና ጠብታ አብረው መሄድ ይችላሉ። ሁለት ነገር ብቻ ልለምን፦ ጠርሙሱ ከእርስዎ ጋር ወደ ጠበሉ ይሂድ፤ በዓይኑ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ደግሞ ጠበሉን ይጠጣው፣ ፊቱ ላይ ሲረጭ ዓይኑን ይጨፍን። ቡናን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ቡና ግፊትን ለጥቂት ሰዓት በትንሹ ከፍ ያደርጋል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተከታተሉ ለሚጠጡ ሰዎች አንዱን መተው አይከፋም። ቡናን ጭራሽ መከልከል ግን ጎረቤት ያሳጣል። ውኃ አንድ ሊትር በአንድ ትንፋሽ ከመጨለጥ ከፋፍሎ መጠጣት ይሻላል።

የዳር ዕይታው ለጎደለ ሰው ቤቱ ውስጥ የሚረዳው ቀለም ነው። ቡና በነጭ ስኒ ሲቀዳ ጠርዙ ይለያል፤ ወተት በነጭ ስኒ ሲቀዳ ይፈሳል። ወተቱን በጠቆረ ኩባያ ያድርጉት። የደረጃውን ጠርዝ በደማቅ ቀለም ይቀቡት። የታችኛው ዕይታ የጎደለ ሰው ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድና የታክሲ መውረጃ ላይ ስለሚሰናከል ዘንግ መያዝ አያሳፍርም። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ሱቅ ሲገቡ በሩ ላይ ጥቂት ይቁሙ፤ ዓይን እስኪለምድ ይዘገያል።

ወንድም፣ እህትና ልጆች ከሌላው ሰው ይልቅ ለበሽታው የተጋለጡ ናቸው፤ ዛሬውኑ ይንገሯቸው። መነጽር ቤት ሄዶ ፊደል ማንበብ ምርመራ አይደለም፤ ፊደሉን እስከ ታች ያነበበ ሰው ከነርቩ ብዙውን አጥቶ ሊሆን ይችላል። «ቤተሰቤ ውስጥ ግላኮማ አለ፤ ግፊቴ ይለካ፣ ነርቬም ይታይ» ብለው ይናገሩ፤ 40 ዓመት ከሞላቸው ቀጠሮ እንዳያሳድሩ። አሜሪካ የሚኖሩና ሜዲኬር የተባለው የጤና መድን ያላቸው፣ ቤተሰባቸው ውስጥ በሽታው ያለባቸው ወይም 50 ዓመት የሞላቸው ጥቁሮች፣ ይህ ምርመራ በዓመት አንዴ ይሸፈንላቸዋል። ልጆቻቸው ቀጠሮውን ይዘው አብረዋቸው ይሂዱ፤ ብሌን የሚከፍተው ጠብታ ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ መኪናውንም እነሱ ይንዱ።