ርካሽ ዕቃ ስለ መግዛትና ስለ ገዢው ኃላፊነት

ማናቸውም ሰው በላቡ ያገኘውን ገንዘብ አውጥቶ ዕቃ ሲገዛ ዋጋው እንዲቀልለት መሻቱ ነውር አይደለም፤ ቁጠባ ለቤተ ሰብም ለአገርም ይጠቅማልና። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ሸሚዝ የጥጡ፥ የስፌቱና የማጓጓዣው ወጪ ሲታሰብ ከሚገባው በታች ረክሶ ቢገኝ፥ ጉድለቱን ማን ከፈለው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በባንግላዴሽ የደረሰው አደጋ ነው። ከዳካ ከተማ አጠገብ በሳቫር፥ ራና ፕላዛ የተባለ ባለ 8 ፎቅ ሕንፃ ነበር። በላይኞቹ ፎቆች ለአውሮፓና ለአሜሪካ ታላላቅ መደብሮች ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች፥ ከታች ደግሞ ሱቆችና ባንክ ነበሩበት። ሚያዝያ 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ሕንፃው ተሰንጥቆ ታየ። ባንኩና ሱቆቹ ወዲያውኑ ተዘጉ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግሥቱ ሥራ እንዲገቡ ታዘዙ። ደመወዛቸው እንዳይቀርባቸው ፈርተው ገቡ፤ ሕንፃውም ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ። በዚያን ጊዜ የልብስ ሰፊ ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 3,000 ታካ ነበር። እንግዲህ የርካሹን ልብስ ጉድለት የከፈለው፥ እምቢ ለማለት አቅም ያልነበረው ሠራተኛ መሆኑ ግልጽ ነው።

ከአደጋው በኋላ ብዙ የውጭ ኩባንያዎች ፋብሪካዎቹ እንዲመረመሩ የሚያስገድድ ውል ተፈራረሙ፤ ዝቅተኛው ደመወዝም በ2006 ዓ.ም. ወደ 5,300 ታካ ከፍ አለ። በዚህም ምክንያት የአገሪቱ የልብስ ንግድ አልፈረሰም።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እኅቶቻችን ለውጭ ገበያ ልብስ ሰፍተዋል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናትም መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 የአሜሪካ ዶላር እንደ ነበረ ገልጿል። እኛ የባሕር ማዶ ገዢ ስለ እነርሱ እንዲጠይቅልን የምንሻ ከሆነ፥ እኛም ስለ ሌላው አገር ሠራተኛ መጠየቅ ይገባናል።

ሆኖም መግዛትን ፈጽሞ መተው ሠራተኛውን ከእንጀራው ያፈናቅላል እንጂ አይረዳውም። የሚሻለው፥ አስመጪው ዕቃው የተሠራበትን ፋብሪካ ጠይቆ የሕንፃውን ደኅንነትና የደመወዙን አከፋፈል በውሉ ውስጥ ማስገባት ነው። ሸማቹም ቶሎ የሚያልቅ ብዙ ልብስ ከመሰብሰብ፥ የሚበረክት ጥቂት ገዝቶ የተሠራበትን ሁኔታ ባለ ሱቁን ይጠይቅ። ገዢ ያልጠየቀውን ነጋዴ፥ ነጋዴም ያልጠየቀውን ፋብሪካ አያስተካክለውምና።