ከፍታና ሃርድ ዲስክ፦ የኮምፒዩተራችንን ሕመም እንዴት እንመርምር?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከስሜን ተራሮች እንደ ወረደች ወደ ቢሮዬ መጣች። የያዘችው ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በጨነቅ የድንኳን ሰፈር «ቀጭ፣ ቀጭ» ማለት ጀምሮ ነበር። በውስጡ የስምንት ወር የጭላዳ ቆጠራና ፎቶግራፍ አለ። «መምህር፣ ይድን ይሆን?» አለችኝ። እኔም በልበ ሙሉነት ቼክ ዲስክ የተባለውን የዊንዶውስ ማረሚያ ፕሮግራም አስጀመርሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ዲስኩ ጨርሶ አልታወቅ አለ፤ ከፋይሎቹ አንድም አልተረፈም። የዚህ ጥፋት ከፊሉ የእኔ ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድሞ የሃርድ ዲስክን አሠራር ማየት ያስፈልጋል።

በሃርድ ዲስክ ውስጥ በማግኔታዊ ሽፋን የተለበጡ ሳህኖች ይሽከረከራሉ። በአነስተኛው ውጫዊ ዲስክ ሳህኑ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ስለሚዞር፣ ዳርቻው በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የማንበቢያው ራስ ሳህኑን አይነካም፤ ሳህኑ ይዞት በሚዞረው አየር ላይ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ1956 አይ.ቢ.ኤም. ባወጣው የመጀመሪያው ዲስክ ይህን አየር የሚያቀርበው መጭመቂያ ሞተር ነበር፤ በዛሬዎቹ ግን ሽክርክሪቱ ራሱ ይበቃል። በራሱና በሳህኑ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ነው። በባሕር ጠለል አንድ የአየር ሞሎኪውል ከሌላው ሳይጋጭ በአማካይ 66 ናኖ ሜትር ያህል እንደሚጓዝ ስናስብ፣ ራሱን የተሸከመው አየር ምን ያህል ስስ እንደ ሆነ እንረዳለን።

ታዲያ ወደ ተራራ ስንወጣ ምን ይሆናል? ብዙዎቹ ሃርድ ዲስኮች ድፍን አይደሉም፤ ማጣሪያ ባለው ትንሽ ቀዳዳ ይተነፍሳሉ። (በሂሊየም የተሞሉት የታሸጉ ስለ ሆኑ ይለያሉ።) ስለዚህ የውስጡ ግፊት የውጪውን ይከተላል። ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በጎንደር 77 በመቶ፣ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደባርቅ 70 በመቶ፣ በ3,620 ሜትሩ ጨነቅ ደግሞ 64 በመቶ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ራሱ ዝቅ ብሎ ይበራል፤ ሳህኑንም ሊነካ ይችላል። ብዙ አምራቾች ዲስኩ የሚሠራበትን የከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር፣ ማለትም 10,000 ጫማ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው። ደባርቅ ከወሰኑ በታች ናት፤ ጨነቅ ግን አልፎታል።

ይሁንና የጎንደር አንባቢ ለኮምፒዩተሩ ሕመም ሁሉ ከፍታውን እንዳይከስስ አደራ እላለሁ። ከተማችን ከወሰኑ በብዙ ዝቅ ያለች ናት። እዚህ በብዛት የሚያጋጥመኝ መውደቅ፣ ሙቀትና የመብራት መቋረጥ ነው። በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ የፋይሎቹ መዝገብ ይዛባል እንጂ ሳህኑ ላይጎዳ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ችግር ቼክ ዲስክ ተገቢ መድኃኒት ነው። ሳህኑ ወይም ራሱ ሲጎዳ ግን ያው ፕሮግራም የታመመውን ራስ በመላው ዲስክ ላይ ያመላልሰዋል፤ በዚያ ላይ ይጽፋል። የእኔ ስህተት ሁለቱን ሳልለይ መጀመሬ ነበር።

ለመለየት የሚረዳን ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘው ስማርት የተባለ መዝገብ ነው። በዊንዶውስ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ፣ በሊኑክስ ስማርትሲቲኤል ያነብቡታል። ከብዙዎቹ ቁጥሮች እኔ አስቀድሜ የማየው ሦስቱን ነው። 5ኛው ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን ይቆጥራል፤ ጥቂት ሆኖ ከቆመ ይታገሡታል፣ በየሳምንቱ ካደገ ግን ዲስኩ መሰናበቻው ደርሷል። 197ኛው ማንበብ አልቻል ብለው ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮችን ያሳያል፤ ከዜሮ ካለፈ ወዲያውኑ ፋይሎችን መገልበጥ ይገባል። 199ኛው የሚናገረው በመንገድ ላይ ስለ ተዛባ መረጃ ነው፤ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ኬብሉ ነው። ኬብሉ ተቀይሮ ቁጥሩ ማደጉን ካቆመ (ወደ ዜሮ ግን አይመለስም) ዲስኩ ደኅና ነው። በርካሽ ኬብል ሰበብ ጤነኛ ዲስክ ሲጣል ማየት ያሳዝነኛል።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ቅጂ፣ ቀጥሎ ስማርት፣ እርማት በመጨረሻ። ደካማ ዲስክን ለመገልበጥ በሊኑክስ ያለው ዲዲሬስኪዩ ይመረጣል፤ በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ያወጣና ወደ አስቸጋሪው በኋላ ይመለሳል። ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» ካለ ግን ራሱ መንገዱን ማግኘት ተስኖታል፤ ኃይሉን ማቋረጥ ነው እንጂ መሞከር አይገባም። ሽፋኑን በቤት ውስጥ መክፈትማ ፈጽሞ አይታሰብም፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከክፍተቱ በመቶዎች እጥፍ ትበልጣለች።

ወደ ደጋው ለመስክ ጥናት የሚወጣ ተማሪ ተሽከርካሪ ክፍል የሌለውን ኤስ.ኤስ.ዲ. ወይም ሚሞሪ ካርድ ቢይዝ ይሻላል። ያቺ ተማሪ ቆጠራውን እንደገና ለመሥራት ወደ ጨነቅ ስትመለስ አዲሱን ሃርድ ዲስኳን ደባርቅ አስቀምጣ ወጣች። ፎቶግራፎቹን በካሜራው ካርድና በፍላሽ በሁለት ቅጂ ይዛ ወረደች፤ ወደ ዲስኩ የገለበጠቻቸውም ደባርቅ ከደረሰች በኋላ ነበር።