መምህሩ ለማን ይታመናል? በካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነገረ መለኮትን ስለሚያስተምሩ ምሁራን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መግቢያ

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ሆይ፤ ባለፈው ወር በጥናት ሰዓታችን ይዤው የመጣሁት አንድ የግዕዝ መጽሐፍ ክርክር አስነሥቶ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። መጽሐፉ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ «ጦማረ ትስብእት» ነው። የተዋስሁትም ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ነበር። የታተመው ሎቬን በምትባል በቤልጅየም በምትገኝ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ከተማ መሆኑን ስነግራችሁ አንዱ ታናሽ ወንድማችን፥ «ጋሼ፥ የእኛን መጽሐፍ ካቶሊኮች ምን አገባቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

በዕለቱ የረባ መልስ አልሰጠሁትም። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ወደ ቤት መጣ። ወንድማችን የተጠራጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት የፈሰሰውን ደም ሁላችንም በታሪክ ተምረናል። ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር ነበረ፤ እርሱንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ ወደ ክፍል ስገባ እምነቴን፥ ወደዚህ ስመጣ ደግሞ ጥያቄዬን በር ላይ አስቀምጬ የምገባ ሰው ሆኜ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቤት ይዘው የሚኖሩ መምህራን እንዴት እንደሚኖሩ ለማወቅ ፈለግሁ። ያገኘሁትንም እነሆ እንደሚከተለው አቀርባለሁ። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ/ ነገረ መለኮትና የሃይማኖት ጥናት

ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሲባል የካህናት ማሠልጠኛ ብቻ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን እንደ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ሕግ፥ ታሪክና ሳይንስ የሚሰጥበት፥ ካቶሊክ ያልሆኑም የሚማሩበትና የሚያስተምሩበት ቤት ነው። ልዩነቱ ነገረ መለኮት በትምህርቶቹ መካከል የክብር ቦታ ያለው መሆኑ ነው። ለምሳሌ በ1789 በአሜሪካ በተመሠረተው በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢ ተማሪዎች እንዲወስዱት ሲደረግ የኖረ አንድ ታዋቂ ኮርስ አለ። ስሙ በአማርኛ ሲፈታ «የእግዚአብሔር ጉዳይ እንደ ጥያቄ» እንደ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ከጥያቄ ነው።

በእነዚህ ቤቶች ስለ ሃይማኖት የሚያስተምሩ ምሁራን በሁለት ወገን ይመደባሉ። አንደኛው ወገን የነገረ መለኮት መምህር ሲሆን ሁለተኛው የሃይማኖት ጥናት መምህር ነው። ልዩነታቸውን በጥምቀት በዓል ምሳሌ እንየው። የሃይማኖት ጥናት ምሁር ወደ ጃን ሜዳ ቢመጣ ታቦታቱ ከየት እንደ ተነሡ፥ ሕዝቡ ምን እንደ ለበሰና ምን እንደ ዘመረ፥ ሥርዓቱ ከመቼ ጀምሮ እንደ ተያዘ ይጽፋል፤ በሌላ አገር ካለው የውኃ በዓልም ጋር ያስተያየዋል። እርሱ ራሱ ማመን አለማመኑ ለሥራው ግዴታ አይደለም። የነገረ መለኮት ምሁር ግን በዚህ አያበቃም። ጌታ ለምን ተጠመቀ? የእኔስ ጥምቀት ከእርሱ ጥምቀት ጋር ምን አንድነት አለው? እያለ ከእምነቱ ውስጥ ሆኖ ይመረምራል። ሁለቱም ይጠቅማሉ። ያለ መጀመሪያው፥ ነገረ መለኮት ታሪኩንና ሰዉን ሊረሳ ይችላል፤ ያለ ሁለተኛውም ጥናቱ ከደጅ ቆሞ ይቀራል።

አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። ይህ ትምህርት ለረጅም ዘመን ለካህናት ብቻ የተተወ ነበር። በ1943 ግን በአሜሪካ፥ በኢንዲያና ክፍለ አገር፥ በቅድስት ማርያም ኮሌጅ መነኩሲቷ እማሆይ ማደሌቫ ሴቶች ከፍተኛውን የነገረ መለኮት ትምህርት የሚማሩበትን ክፍል ከፈቱ። እኅቶቻችን ይህን ያስታውሱ።

2ኛ/ ጥያቄው የቆየ ነው

የነገረ መለኮት መምህር ደመወዙን ከዩኒቨርሲቲ፥ እምነቱን ከቤተ ክርስቲያን ይቀበላል። የሁለቱ መንገድ ሲለያይ ለማን ይታመናል? ይህ ችግር ከዩኒቨርሲቲ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

በ13ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቶማስ አኲናስ የአረማዊውን የአርስጣጣሊስን ፍልስፍና ለክርስትና ትምህርት ማስረጃ አድርጎ ይጠቀም ነበር። ይህም ብዙዎችን አስደነገጠ። ቶማስ በ1274 ዐረፈ። በሦስተኛው ዓመት፥ በ1277፥ የፓሪስ ጳጳስ 219 አንቀጾችን ስሕተት ናቸው ብሎ ሲያወግዝ ከመካከላቸው የቶማስን ትምህርት የሚነኩ ነበሩባቸው። ሆኖም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1323 ቶማስን ቅዱስ ብላ ሰየመችው፤ በ1325ም በኋላ የተሾመው የፓሪስ ጳጳስ ውግዘቱን እርሱን በሚነካው በኩል አነሣው። በ1879 ደግሞ ፖፕ ሊዮ 13ኛ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ሁሉ የቶማስን ፈለግ እንዲከተሉ አሳሰቡ። የተጠረጠረው መምህር የመምህራን መምህር ሆነ። ይህ እስኪሆን ግን ስድስት መቶ ዓመት ፈጀ።

3ኛ/ በቅርቡ ዘመን የታየው ትግል

በ1967 በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት በአባ ቴዎዶር ሄስበርግ መሪነት የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ላንድ ኦ ሌክስ በተባለ ቦታ ተሰብስበው አንድ መግለጫ አወጡ። ሐሳቡም ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ እውነተኛ ዩኒቨርሲቲ እንዲሆን ከማንኛውም ባለሥልጣን፥ ከቤተ ክህነትም ቢሆን፥ ነጻ ሆኖ መመርመር አለበት የሚል ነበር።

በዚያው ዓመት በዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ከራን የተባሉ ቄስና የሥነ ምግባር መምህር ውላቸው እንዳይታደስ የበላይ ቦርዱ ወሰነ። ተማሪዎቹና መምህራኑ ትምህርት አቁመው አደሙ፤ ቦርዱም ውሳኔውን ሻረ። ነገሩ ግን በዚህ አልበረደም። በ1968 ፖፕ ጳውሎስ 6ኛ ስለ ወሊድ ቁጥጥር ያወጡትን መልእክት አባ ከራን ከሌሎች ምሁራን ጋር ሆነው ተቃወሙ። በ1986 ሮም የካቶሊክ ነገረ መለኮት ለማስተማር የተገቡ አይደሉም ብላ ወሰነች። እርሳቸውም ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ፤ በ1989 ግን ፍርድ ቤቱ ለዩኒቨርሲቲው ፈረደ። ከዚያ በኋላ በቴክሳስ በአንድ የሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ።

በመካከሉ ሕጉም ተጻፈ። በ1983 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ በ812ኛው ቀኖና በከፍተኛ ትምህርት ቤት ነገረ መለኮት የሚያስተምሩ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲኖራቸው ያዝዛል። በ1990 ፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ስለ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ባወጡት ሕግ የምርምር ነጻነት ታወቀ፤ ነገር ግን የነገረ መለኮት መምህራን ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዲታመኑ፥ ካቶሊክ ያልሆኑ መምህራንም የቤቱን ሃይማኖት እንዲያከብሩ ተደነገገ።

እንግዲህ ማን ትክክል ነበር? ወጣት እንደ መሆናችን ፈጥነን ለአንዱ ማጨብጨብ ይቀናናል። ከመፍረዳችን በፊት ግን የሌላውን መምህር ታሪክ እንስማ። ሄንሪ ደ ሉባክ በፈረንሳይ አገር በሊዮን የካቶሊክ ፋኩልቲ ያስተምሩ ነበር። በ1950 በጽሑፎቻቸው ምክንያት ከማስተማር ታገዱ። እርሳቸውም ታዝዘው ከወንበሩ ወረዱ፤ ማጥናታቸውንና መጻፋቸውን ግን አላቆሙም። ከዐሥር ዓመት በኋላ ለሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ አማካሪ ሆነው ተጠሩ፤ በ1983ም ካርዲናል ሆኑ። ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ ስናያቸው የታገደ ሁሉ ሐሰተኛ፥ የተቃወመም ሁሉ ነቢይ አለመሆኑን እንረዳለን። ቤተ ክርስቲያን መንጋዋን የመጠበቅ ግዴታ አለባት፤ መምህሩም ያየውን እውነት ያለማፈን ግዴታ አለበት። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያይ ሰው ነገሩን በግማሽ ነው ያየው።

4ኛ/ ግዕዝ በካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ

አሁን ወደ ታናሽ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በ1889 ትምህርት ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ መምህራን አንዱ አባ ሄንሪ ኢቬርና የተባሉ የምሥራቅ ቋንቋዎች ሊቅ ነበሩ። እርሳቸውና ሻቦ የተባሉ ሌላ ቄስ ከሌሎች ምሁራን ጋር ሆነው በ1903 የምሥራቅ ክርስቲያን ደራስያንን መጻሕፍት የሚያሳትም ትልቅ ተከታታይ ሥራ ጀመሩ። በኋላም የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲና የሎቬን ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያዙት። በዚህ ሥራ የሱርስት፥ የቅብጥ፥ የዐረብ፥ የአርመንና የግዕዝ መጻሕፍት ዋናው ቃል በአንድ ጥራዝ፥ ትርጉሙ በሌላ ጥራዝ ይታተማል። «መጽሐፈ ሚላድ»ም፥ «መጽሐፈ ብርሃን»ም በዚህ ተከታታይ ወጥተዋል። እኔ ይዤው የመጣሁት «ጦማረ ትስብእት»ም በ1991 የወጣው በዚሁ ነው። ያሳተሙት ግን ካቶሊክ አይደሉም። የእኛው ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው።

የእርሳቸውን ነገር ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ፕሮፌሰር ጌታቸው በ1931 በሸዋ በሸንኮራ ተወለዱ። በካይሮና በጀርመን አገር ተምረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በ1975 በአብዮቱ ጊዜ በጥይት ተመትተው ሽባ ሆኑ። ለሕክምና ከአገር ከወጡ በኋላ በ1976 በአሜሪካ በሚኒሶታ፥ በኮሌጅቪል፥ የቤኔዲክቶስ መነኮሳት ባቋቋሙት በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ። መነኮሳቱ ከ1965 ጀምሮ የጥንት የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ያነሡ ነበር፤ በ1973ም ከኢትዮጵያ ጋር በመተባበር የእኛን ብራናዎች ማንሣት ተጀምሮ ነበር። ብራናው በየገዳሙና በየደብሩ ይቀራል፤ ሥዕሉ ብቻ በፊልም ይቀመጣል። ወደ 9,000 የሚሆኑ መጻሕፍት በዚህ መንገድ ተነሡ። መጽሐፉ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ እንኳ ቃሉ ይተርፋል ማለት ነው።

ፕሮፌሰር ጌታቸው በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው እነዚህን ፊልሞች አንድ በአንድ እያነበቡ በየመጽሐፉ ምን እንዳለ በዝርዝር መዘገቡ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው። በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ኦርቶዶክሳዊ ነበሩ። ቤቱም ሃይማኖትህን ለውጥ አላላቸውም፤ እርሳቸውም የቤቱን ሃይማኖት አልናቁም።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን መጽሐፍ ያሳተሙት እኒሁ ምሁር በ2006 በዚያው ተከታታይ የአባ እስጢፋኖስን ገድል አሳተሙ። የእስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት በዚያው ንጉሥ ዘመን ብዙ መከራ የደረሰባቸው መነኮሳት ናቸው። ስለ እነርሱም «ደቂቀ እስጢፋኖስ» የሚለውን መጽሐፍ ለእኛ ለአማርኛ አንባብያን አዘጋጁ። ከሳሹንም ተከሳሹንም በገዛ ቃላቸው እንዲናገሩ አደረጉ ማለት ነው። የአንዱን አሳትሞ የሌላውን ማስቀረት ቀላል ነበር። የሚታመን መምህር ማለት እንግዲህ እንዲህ ያለ ነው ብዬ አሰብሁ። የማይስማማበትን ሰው ቃል እንኳ ሳያጣምም ለተማሪው ያደርሳል።

5ኛ/ ለእኛ የሚሆን ትምህርት

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን?

ሀ/ መጠየቅ ክሕደት አይደለም። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አበው። በእኛም ጉባኤ ቤት የመጻሕፍት መምህሩ አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ ይፈቱታል፤ ተማሪውም እየጠየቀ ያደላድላል። ይህ ባህል የራሳችን ነው፤ ከማንም አልተበደርነውም።

ለ/ ያላነበብነውን አንንቀፍ፤ ያነበብነውንም ሁሉ አንቀበል። የካቶሊክ ምሁር ስለ ባሕርየ ክርስቶስ ሲጽፍ የሚጽፈው ከራሱ ቤተ ክርስቲያን እምነት ተነሥቶ ነው፤ በዚያ ላይ አባቶቻችንን እንጠይቅ። የብራናውን ቃል በትክክል አንብቦ ሲያሳትምልን ግን ማመስገን ይገባናል። እኛ ግዕዝ ባለመማራችን ግን ልናፍር ይገባል።

ሐ/ እውነትን በትዕግሥት እንያዝ። ቶማስ በሕይወቱ ሳለ ፍሬውን አላየም፤ ደ ሉባክም ዓመታት ጠብቀዋል።

ለታናሽ ወንድማችን የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ካቶሊኮቹ በመጽሐፋችን ያገባቸው የጥንቱን የክርስትና ቃል ለማወቅ ስለ ደከሙ ነው። መጽሐፉ ግን የእኛ ነው፤ የማንበቡም ዕዳ በመጀመሪያ የእኛ ነው። ለመጪው እሑድ የ«ጦማረ ትስብእት»ን የመጀመሪያ ገጾች በግዕዝ አብረን እንድናነብ እለምናለሁ። ከእንግዲህ እኔም እምነቴንም ጥያቄዬንም በር ላይ ሳላስቀምጥ ሁለቱንም ይዤ እገባለሁ።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1/ የነገረ መለኮት መምህርና የሃይማኖት ጥናት መምህር ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2/ በአባ ከራንና በአባ ደ ሉባክ ታሪክ መካከል ምን ልዩነት አያችሁ? እናንተ በቦርዱ ወይም በመምህሩ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?
3/ የማንስማማበትን ሰው ሐሳብ ሳናጣምም መናገር ለምን ይከብደናል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።