ዓይንሽ የኋላው ረድፍ ላይ ይሁን

ልጄ፣

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን ስታሠለጥኚ በር ላይ ቆሜ አየሁሽ። የቦንጋ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የስፒከሩ ድምፅ ጠፋ። አንቺ ግን አልቆምሽም፤ ምቱን በጭብጨባ ይዘሽ ቀጠልሽ። ኮራሁብሽ። ከኋላ ረድፍ ኮንጎ ጫማ ያደረገች አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች። ሌሎቹ ቀኝ ሲሉ እሷ ግራ ትላለች፤ የጓደኞቿን እግር አይታ ስትደርስባቸው እነሱ ሌላ ጀምረዋል። በመጨረሻ እጇን አጣጥፋ ግድግዳውን ተደገፈች። ጀርባሽን ሰጥተሽ ትደንሺ ስለነበር አላየሻትም። ይህን ምክር ያስጻፈችኝ እሷ ናት።

ሂፕ ሆፕ ስትደንሺ የከተማው ዓይን ሁሉ አንቺ ላይ ነበር። አሁን አስተማሪ ሆነሻል፤ እስካሁን ስትታዪ ኖርሽ፣ ከእንግዲህ የምታዪው አንቺ ነሽ። ሠላሳ ዓመት ጠመኔ ይዤ ከተማርኩት ጥቂቱን ልንገርሽ።

1. ፊትሽን ወደ ልጆቹ አዙሪ። ቀኝና ግራው እንዲገባቸው አንዴ ጀርባሽን ሰጥተሽ አሳዪያቸው። ከዚያ ዙሪና ዝም ብለሽ ተመልከቺ። ሁለት ዘፈን ባለቀ ቁጥር የኋላው ረድፍ ወደ ፊት ይምጣ። እኔ በጀማሪነቴ አንዱን ልጅ «ሰነፍ» ብዬ ከኋላ አስቀመጥኩት። ሰሌዳው እንደማይታየው ያወቅሁት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

2. የምታስተምሪውን ነገር ታሪክ እወቂ። «ይህ የወንድ ጨዋታ ነው» የሚልሽ አይጠፋም። ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ለትምህርት ቤት ልብስ መግዣ ብላ በምትኖርበት ሕንፃ ድግስ አዘጋጀች። መግቢያው ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። ሸክላውን ያጫወተው ወንድሟ ኩል ሄርክ ነው። ብዙዎች የሂፕ ሆፕ ልደት የሚሉት ያንን ምሽት ነው። በዚያው ከተማ ያደገችው አና ጋርሲያ፣ በዳንስ ስሟ ሮካፌላ፣ ከጎዳና ዳንስ ተነስታ የዩኒቨርሲቲ መምህርት እስከ መሆን ደርሳለች፤ ስለ ሴት ብሬክ ዳንሰኞችም ፊልም ሠርታለች። ይህን ለሴቶቹም ለወንዶቹም ንገሪያቸው።

3. የአገርሽንም እግር አጥኚ። በመስከረም የካፋ ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮ ቦንጌ ሻምቤቶ ላይ ሲከበር ስልክሽን ለቪዲዮ ብቻ አታውጪ። ከእናቶቹ አጠገብ ቁሚ፤ ክብደታቸውን የትኛው እግር ላይ እንደሚጥሉ፣ ትከሻቸው መቼ እንደሚቀድም ተመልከቺ። ወደ ክፍል ልትወስጂው ስትፈልጊ አስፈቅጂ፤ ከማን እንደተማርሽም ለልጆቹ ተናገሪ። ለምሳሌ ዳንሰኛዋ ደጌ ፈደር በልጅነቷ ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የተሻገረች ናት። በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1995 በተመሠረተው የእስክስታ ቡድን ውስጥ ደነሰች፤ ኋላም ቤታ የተባለውን የዳንስ ቡድን መራች። የእናቶቿን ትከሻ ይዛ ነው በዘመናዊ መድረክ አዲስ ሥራ የፈጠረችው። ልጆችሽም ምቱን በቋንቋቸው በካፊኖኖ ይቁጠሩት፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተቆጠረ ምት ቶሎ ሰውነት ውስጥ ይገባል።

4. ከእናቶቻቸው ጋር ቡና ጠጪ። ሴት ልጅ ልትደንስ ትወጣለች ሲባል ቤተሰብ ይሰጋል፤ ስጋቱን አትናቂው። በየቤታቸው ሂጂ፤ ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ በዪ። ስንት ሰዓት እንደምትጀምሪና እንደምትጨርሺ ንገሪያቸው፤ ሳይመሽ ልቀቂያቸው። የክፍሉ በር ክፍት ይሁን፤ እናት ባሻት ቀን ገብታ ትቀመጥ። ለክፍያ ያጣችውን ልጅ በሰው ፊት አትጠይቂያት፤ ወለል በመጥረግም ትክፈል አትበዪ፤ እንደሌሎቹ ትማር።

5. ገላቸውን ጠብቂ። ያንቺ ጉልበት የለመደው ሲሚንቶ የአሥር ዓመት ልጅን ጉልበት ይጎዳል። ሰውነታቸውን ሳያፍታቱ አይዝለሉ። ጭቃ የረገጠ ጫማ ውጪ ይቅር፤ እርጥብ ወለል እስኪደርቅ ይወልወል። የብሮንክስ ልጆች አስፋልት ላይ ካርቶን አንጥፈው ይሽከረከሩ ነበር፤ አንቺም ካርቶን አታጪም። አቋቋም ልታስተካክዪ እጅሽን ከመዘርጋትሽ በፊት «ልንካሽ?» በዪ። ይህን ከአንቺ የተማረች ልጅ ሌላ ሰውም ሳይጠይቃት ሊነካት እንደማይገባ ታውቃለች።

6. ከክበቡ የሚለይ ልጅ አይኑር። ይህን የምጽፈው እያመመኝ ነው። በካፋችን የማንጆ ማኅበረሰብ ልጆች ከሌላው ጋር አንድ ገበታ እንዳይቀርቡ የተደረጉበት ዘመን ረጅም ነው፤ ርዝራዡም ገና አልጠፋም። ክብ ሠርተው እጅ ለእጅ ሲያያዙ ዓይንሽ እዚያ ይሁን። የማንጆዋን ልጅ እጅ የማይዝ ካለ ንግግር አታብዢ፤ አንቺ ሄደሽ ያዢ፤ ሌላ እጅሽን ለእምቢተኛው ዘርጊ፤ ሙዚቃውንም ክፈቺ። በክራንች የሚሄድ ልጅ ከመጣም «ተቀመጥና እይ» አትበዪው።

7. ከአንቺ የሚበልጥ አፍሪ። እ.ኤ.አ. በ1996 የብሪታንያው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ ከመቶ በላይ የጎዳናና የድሃ ልጆችን በካርሚና ቡራና ሙዚቃ መድረክ ላይ አስደነሰ። ከነሱ የተመረጡት አምስት ዓመት ሠልጥነው አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ሆኑ፤ እነሱም በተራቸው አካል ጉዳተኞችን ጨምሮ ሌሎችን አስተማሩ። ከመካከላቸው ጁናይድ ጀማል ሰንዲ ከጃፓናዊው የዳንስ ባለሙያ ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ዘንድ ተመርጦ ተማረ፤ ኋላም ከጓደኛው ከአዲሱ ደምሴ ጋር ደስቲኖ የተባለውን ቡድን መሠረተ። አምስት ዓመት በትዕግሥት የታዩ ልጆች ናቸው። አንቺም ከአሁኑ ከትልልቆቹ ሁለቱን ምረጪ፤ ማፍታታቱን እነሱ ይምሩ፤ ሲሳሳቱ አትንጠቂያቸው።

ልጄ፣ አንድ ነገር ሳልነግርሽ ቀረሁ። ያን ቀን ሁሉም ከሄደ በኋላ ባለ ኮንጎ ጫማዋ ልጅ ዝናቡ እስኪያባራ ከጣሪያው ጥግ ሥር ከእኔ ጋር ቆመች። «ከበደሽ እንዴ?» አልኳት። «ቤት ስሆን ይመጣልኛል» አለችና ግራና ቀኟን ቃኘች። ከዚያ በከንፈሯ እየቆጠረች ያስተማርሻቸውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሳታስቀር ደነሰችልኝ።

ስሟን አልነገርኩሽም። ቅዳሜ ራስሽ ጠይቂያት።