ብረቱ ወይስ እንቅስቃሴው? ከዣን ቲንግሊ የውዳቂ ብረት ቅርጻ ቅርጾች የሚገኝ ትምህርት

ከውዳቂ ብረት የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ቅርጽ ከሌሎች ቅርጻ ቅርጾች የሚለየው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ራሱን ስለሚበላ ነው። ዘንግ ከኩሽኔታ፣ ጥርስ ከጥርስ በተፋተገ መጠን ብረቱ ያልቃል፤ እንዳያልቅ ቢቆም ደግሞ ቅርጹ የተሠራበት ዓላማ ይቀራል። ታዲያ ሊጠበቅ የሚገባው ብረቱ ነው ወይስ እንቅስቃሴው? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በስዊዘርላንዳዊው ቀራጺ በዣን ቲንግሊ (1925–1991 እ.ኤ.አ.) ሥራዎች አማካይነት ይመረምራል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የጥያቄው አንድ ጠርዝ መጋቢት 17 ቀን 1960 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ቅጥር ግቢ ታይቷል። ቲንግሊ ከኢንጂነር ቢሊ ክሉቨር ጋር በመተባበር ከብስክሌት ጎማዎች፣ ከአሮጌ ፒያኖና ከሞተሮች የሠራው «ለኒው ዮርክ ክብር» የተሰኘው ሥራ፣ በተመልካች ፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ተንቀሳቅሶ ራሱን እንዲያፈርስ የታሰበ ነበር። ዛሬ በሙዚየሙ የሚገኘው ስብርባሪ ስለ ቁሱ ይመሰክራል እንጂ ሥራውን አይተካም።

ሌላው ጠርዝ ዘላቂነት ነው። ለ1964ቱ የሎዛን ብሔራዊ ኤግዚቢሽን የተሠራው «ኦሬካ» ዛሬ በዙሪክ ሐይቅ ዳር ቆሞ በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ይንቀሳቀሳል። በባዝል ከተማ በ1977 የተተከለው ፏፏቴም ከፈረሰው የከተማው ቴያትር ቤት የመድረክ መሣሪያዎች የተሠሩ ቅርጾችን የያዘ ሲሆን፣ የቆመውም የቀድሞው መድረክ በነበረበት ቦታ ነው። እዚህ ላይ ብረቱ ተራ ጥሬ ዕቃ ሳይሆን የቦታው ትዝታ ነው፤ በአዲስ ብረት ቢተካ ቅርጹ ቢንቀሳቀስም ትዝታው ይጠፋል።

ከሁለቱ ጠርዞች በመነሣት የቅርጹን አካላት በሁለት መክፈል ይቻላል፦ ታሪክ የሚሸከሙና ኃይል የሚያስተላልፉ። የመጀመሪያዎቹ ይጠገናሉ እንጂ አይለወጡም፤ ሞተር፣ ቺንጋና ኩሽኔታ ግን ሲያልቁ ሊለወጡ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ክፍፍሉ ብቻውን በቂ አይደለም። የቲንግሊ ማሽኖች ባሕርይ የሚመነጨው ሆን ተብሎ ከተተወ ጉድለት ነው፤ መዘውሩ ከመሐሉ ወጣ ብሎ ይተከላል፣ ቺንጋው ላላ ብሎ ይንሸራተታል፣ እንቅስቃሴውም ይንገጫገጫል፣ ይዘገያል፣ ድንገት ይፈጥናል። ሥርዓት ወዳድ መካኒክ ቺንጋውን አጥብቆ መዘውሩን ቢያስተካክል ማሽኑ በደንብ ይሠራል፤ ሥራው ግን ጠፍቷል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አመለካከት፣ ሊጠበቅ የሚገባው ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም የእንቅስቃሴው ጠባይ ነው። ጠባዩ የሚጠበቀው ደግሞ ቅርጹ ገና አዲስ ሳለ ሲመዘገብ ነው፦ ዘንጉ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ ቺንጋው ምን ያህል እንደሚላላ፣ ድምፁ ምን እንደሚመስል፣ ስንት ደቂቃ ሠርቶ ስንት ደቂቃ እንደሚያርፍ። ፎቶግራፍ ይህን ሊይዝ አይችልም፤ የድምፅና የተንቀሳቃሽ ምስል ቅጂ ከልኬት ሠንጠረዥ ጋር ያስፈልጋል።

ይህ ለአገራችን የቅርጻ ቅርጽ ተማሪዎችም የሚጠቅም አሠራር ነው። ከመርካቶው ምናለሽ ተራ የሚገዛ አሮጌ ማርሽ ወይም የመኪና ምንጭ መለዋወጫ ካታሎግ የለውም፤ አንዴ ከተሰበረ አምሳያውን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ቀራጺው የእያንዳንዱን ቁራጭ ምንጭና ልክ፣ የትኛው ጉድለት የታሰበ፣ የትኛው ደግሞ በእርጅና የመጣ መሆኑን በጽሑፍ ካልተወ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ጠጋኝ ሁለቱን የሚለይበት መንገድ አይኖረውም። በመሆኑም ምዝገባው ከብየዳው እኩል የሥራው አካል ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።