በአንድ ጣሪያ ሥር ወይስ በየራሱ በር?

ከእብናትና ከአካባቢው ጤፍ እየሰበሰበ ለደብረ ታቦርና ለአዲስ አበባው እህል በረንዳ የሚያቀርብ አንድ ነጋዴ በምሳሌነት ይወሰድ። ነጋዴው የጤፍ ሥራውን የሚያስተዋውቅ ድረ ገጽ አለው እንበል። አሁን ደግሞ ማር አሽጎ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለመሸጥ ተነስቷል። ማሩ በነባሩ ድረ ገጽ ውስጥ ይጨመር? በነባሩ ስም ሥር ሰብዶሜይን ይከፈትለት? ወይስ አዲስ ስም ተገዝቶ ራሱን የቻለ ድረ ገጽ ይሠራለት?

ጥያቄው የኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዋሽንግተን ያለ ገዢ ጉግል ላይ «የእብናት ማር» ብሎ ሲፈልግ ነጋዴው መገኘት አለመገኘቱን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ምርጫ ነው። ወጪውም አንድ እጥፍ ወይም ሁለት እጥፍ የሚሆነው በዚሁ ነው።

ሦስቱ አማራጮች

ዶሜይን የሚባለው የድረ ገጹ የአድራሻ ስም ነው። የመጀመሪያው አማራጭ ከዚህ ስም በኋላ እዝባር አስገብቶ አዲስ ክፍል መጨመር ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የአማርኛ አገልግሎቱን ሲጀምር የተከተለው ይህንን መንገድ ነው። በሱቅ ቢመሰል፣ በነባሩ ሱቅ ውስጥ አንድ መደርደሪያ እንደ መጨመር ነው።

ሁለተኛው ሰብዶሜይን ነው። እዚህ ላይ መለያው ከስሙ በፊት ይገባል። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ከዋናው ስም በፊት ሁለት የላቲን ፊደላትና ነጥብ ማስቀደሙ ለዚህ ምሳሌ ነው። ግቢው አንድ ሲሆን በሩ ግን የተለየ ነው።

ሦስተኛው ፈጽሞ የተለየ ስም መያዝ ነው። ሪፖርተር ጋዜጣ ለአማርኛውና ለእንግሊዝኛው እትም ሁለት የተለያዩ ስሞች ይጠቀማል። ቋንቋውና አንባቢው ስለሚለያይ፣ ለሁለቱም በየጊዜው አዲስ ጽሑፍ ስለሚቀርብ መንገዱ ያስኬዳል።

ጉግል እንዴት ያያቸዋል?

የጉግል ባለሙያ የሆኑት ጆን ሙለር እ.ኤ.አ. በ2017 በሰጡት ማብራሪያ መሠረት፣ የፍለጋ ሞተሩ መደርደሪያውንም ሆነ ሰብዶሜይኑን ያስተናግዳል። ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ የሚመቸውን እንዲመርጥ ነው የመከሩት። ይሁንና በሙያው የተሰማሩ ብዙዎች መደርደሪያው ይሻላል ብለው ይከራከራሉ።

የክርክሩ መነሻ ሊንክ ነው። ጉግል አንድን ገጽ ከሚመዝንባቸው መስፈርቶች አንዱ ሌሎች ድረ ገጾች ወደዚያ የሚያመለክቱበት ሊንክ ነው። በንግድ ቋንቋ ሊንክ እንደ ዋስ ይቆጠራል። ለጤፉ ዋስ የሆኑት ሁሉ በዚያው ስም ሥር ለተጨመረው ማርም ይተርፋሉ። አዲስ ስም የገዛ ነጋዴ ግን ማንም የማያውቀው እንግዳ ሆኖ ገበያ ይገባል፤ ዋስ ፍለጋውንም እንደገና ይጀምራል።

የስም ኪራይ አደጋ

ከዚህ የባሰው በሰው ስም ሥር መጠለል ነው። ታዋቂ ድረ ገጽ ያለው ድርጅት ሰብዶሜይኑን እንዲያከራይ የሚያስማማ ደላላ ሲመጣ፣ ነጋዴው ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባዋል። አንደኛ፣ ጉግል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ይፋ ባደረገው ደንብ የድረ ገጽን መልካም ስም ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ ሰጥቶ በፍለጋ ወደ ላይ ለመውጣት መሞከርን እንደ ማጭበርበር ይቆጥራል። ሁለተኛ፣ ውሉ ሲፈርስ አድራሻው ከአከራዩ ጋር ይቀራል፤ ለዓመታት የተሰበሰበው ዋስና የደንበኛ ልምድም አብሮ ይሄዳል።

«ነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ» በሚል የሚያልቅ ስም ግን ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። መልኩ ሰብዶሜይን ቢመስልም፣ በዚያ ሥር የሚመዘገበው እያንዳንዱ ስም የየራሱ ባለቤት ያለው ነው። የኢትዮጵያ መለያ የሆነውን «ነጥብ ኢቲ» የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

ለእብናቱ ነጋዴ የሚበጀው

እብናት በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ «ኢብናት»፣ ሌላው «ኤቤናት» በሚል ያሰፍራታል። ለየአጻጻፉ ሌላ ድረ ገጽ መክፈት ገንዘብ ማባከን ነው። አማርኛውንና የተለመዱትን የላቲን አጻጻፎች በአንዱ ገጽ ላይ ማስፈር ይበቃል።

የጥገናውም ነገር አለ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድን ድረ ገጽ እንኳ ማደስ ይከብዳል፤ ሁለቱን ማደስማ አይታሰብም። ስለሆነም ስሙ በነጋዴው ስም ተመዝግቦ፣ የይለፍ ቃሉ ከአካባቢው ውጭ ባለ ታማኝ ሰው እጅም ቢኖር ይመረጣል።

እንግዲህ ገዢው ተመሳሳይ፣ ሠራተኛው ጥቂት ከሆነ ማሩ በጤፉ ድረ ገጽ ውስጥ መደርደሪያ ይሰጠው። የማር መሸጫው የተለየ የክፍያና የማዘዣ ሥርዓት ካስፈለገው ሰብዶሜይን ይከፈትለት። የተለየ ስም የሚገባው ማሩ የራሱ የንግድ ምልክት፣ የራሱ ገዢና የራሱ ጸሐፊ ሲኖረው ነው። ያ ቀን ሲደርስ የአሮጌው አድራሻ ጎብኚ ወደ አዲሱ በቋሚነት እንዲመራ ይደረጋል። ጉግል ይህ መሸጋገሪያ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። ቸኩሎ ሁለት በር ከፍቶ ሁለቱንም ባዶ ከማቆየት፣ አንዱን ሞልቶ ኋላ መክፈል ይሻላል።