ክብደት ስለሚቀንሰው መርፌ የተነሣው ክርክር

«ወፍረሃል፥ አምሮብሃል» ማለት በአገራችን ለብዙ ዘመን የምስጋና ቃል ሆኖ ኖሯል። ውፍረት የጥጋብ፥ ክሳት ደግሞ የችግርና የሕመም ምልክት ሆኖ ይታይ ነበርና። የዛሬው የሕክምና ትምህርት ግን ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለስኳር በሽታ፥ ለደም ግፊት፥ ለልብና ለጉልበት ሕመም መንገድ እንደሚከፍት ያስረዳል።

መጠኑስ በምን ይታወቃል? የሰውዬውን ክብደት በኪሎ ግራም ወስዶ በሜትር ለተለካው ቁመቱ ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። ለምሳሌ ክብደቱ 87 ኪሎ ግራም፥ ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ቢኖር፥ 87 ለ1.70 ሲካፈል 51.2 ያህል ይሆናል፤ ይህም እንደገና ለ1.70 ሲካፈል 30.1 ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ባወጣው ልክ መሠረት 25ና ከዚያ በላይ የሆነው ከልክ ያለፈ ክብደት፥ 30ና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ለጤና የሚያሰጋ ውፍረት ይባላል።

በቅርብ ዓመታት ይህን ውፍረት የሚቀንስ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ተገኝቷል። መድኃኒቱ በብዛት በሚወሰድባት በአሜሪካ ስለ እርሱ ብርቱ ክርክር ተነሥቷል። ነገሩ ለእኛም ትምህርት ስለሚሆን፥ የሁለቱን ወገኖች ሐሳብ ከዚህ ቀጥሎ እንመለከታለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩ኛ፤ መድኃኒቱ ምንድን ነው?

ሰው ምግብ በበላ ጊዜ ከአንጀቱ ጂ.ኤል.ፒ. 1 የተባለ ሆርሞን ይመነጫል። ይህ ሆርሞን ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያፈልቅ ያነቃዋል፤ ጨጓራ ምግቡን ቀስ ብሎ እንዲያሳልፍ ያደርጋል፤ ለአንጎልም የጥጋብን መልእክት ያደርሳል። ነገር ግን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ፈርሶ ይጠፋል። በ1992 ዓ.ም. ዶክተር ጆን ኤንግ የተባሉ በኒው ዮርክ የሚሠሩ ተመራማሪ፥ ጂላ ሞንስተር ከሚባለው የአሜሪካ በረሃ እንሽላሊት መርዝ ውስጥ ይህን ሆርሞን የሚመስልና ቶሎ የማይፈርስ ነገር ማግኘታቸውን አስታወቁ። ከዚህ የተገኘው መርፌ በ2005 ለስኳር በሽታ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ሴማግሉታይድ የተባለው፥ በሳምንት አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር የሚወጋው መድኃኒት፥ በ2017 ኦዜምፒክ በሚል ስም ለስኳር በሽታ፥ በ2021 ደግሞ ዌጎቪ በሚል ስም ክብደት ለመቀነስ በአሜሪካ ተፈቀደ።

፪ኛ፤ መድኃኒቱን የሚደግፉት ምን ይላሉ?

ደጋፊዎቹ ውፍረት በሽታ እንጂ የጠባይ ጉድለት አይደለም ይላሉ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም በ2013 በሽታ መሆኑን ተቀብሏል። የዘር ውርስ በውፍረት ላይ ብዙ ድርሻ አለው፤ ሰውነትም የቀነሰውን ክብደት ለመመለስ ረኀብን እያበረታ ይታገላል። በ2021 በታተመው ጥናት 1961 ሰዎች ለ68 ሳምንታት ሲከታተሉ፥ ሁሉም ስለ አመጋገብና ስለ እንቅስቃሴ ምክር ቢሰጣቸውም፥ መድኃኒቱን የወሰዱት ከክብደታቸው በአማካይ 14.9 በመቶ ሲቀንሱ፥ መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተወጉት ግን 2.4 በመቶ ብቻ ቀነሱ። በ2023 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ አስቀድሞ የልብና የደም ሥር በሽታ በነበረባቸው ወፍራም ሰዎች ላይ፥ በልብ በሽታ መሞት፥ ድንገተኛ የልብ ሕመምና የአንጎል ደም ሥር አደጋ በ20 በመቶ መቀነሱን አሳየ።

፫ኛ፤ የሚነቅፉትስ?

ነቃፊዎቹም ያለ ምክንያት አይናገሩም። በ1930ዎቹ ዳይናይትሮፌኖል የተባለው የማክሻ መድኃኒት የብዙዎችን ዓይን በሞራ ጋርዷል፤ የገደለውም ሰው አለ። በ1997 ደግሞ ፌንፍሉራሚን የተባለው የልብን በር እንደሚጎዳ ስለ ታወቀ ከገበያ ተነሥቷል። አዲሱ መድኃኒትም ማቅለሽለሽን፥ ትውከትን፥ ተቅማጥንና ድርቀትን ያመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የሐሞት ጠጠርን፥ አልፎ አልፎ የቆሽት ቍስለትን ያስከትላል። ከስቡ ጋር ጡንቻም ይቀንሳል። መርፌውን ያቆሙት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን እንደ መለሱ በ2022 ታትሟል። ዋጋውም ከባድ ነው፤ ዌጎቪ በአሜሪካ ሲወጣ የተመደበለት ዋጋ ለአንድ ወር 1349 ዶላር ያህል ነበር። ከ2022 ጀምሮ ፈላጊው በበዛ ጊዜም መድኃኒቱ አጠረና የስኳር በሽተኞች የሚወጉትን እስከ ማጣት ደረሱ።

ከእነዚህ ሌላ አንድ ነቀፌታ አለ፤ ይኸውም «መርፌ የሚወጋ ሰው ሰነፍ ነው፤ አፉን ቢገታና ቢሠራ ይበቃው ነበር» የሚለው ነው።

፬ኛ፤ ሐፍረት የሚያመጣው ጉዳት

የቀደሙት ነቀፌታዎች ሐኪም ሊመዝናቸው የሚገቡ ናቸው። ይህ የመጨረሻው ግን ራሱ ጉዳት ያመጣል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚውጠውን ሰው ሰነፍ የሚለው የለም፤ መድኃኒቱን ሲያቆም ግፊቱ ቢመለስም «አታለለን» አይባልም። መርፌውን የሚወጋ ሰው ግን ስድቡን ፈርቶ ነገሩን ከቤተ ሰቡም ከሐኪሙም ይደብቃል።

መደበቁ ምን ያመጣል? በመጀመሪያ፥ መድኃኒቱ የጨጓራን ሥራ ስለሚያዘገይ፥ ከቀዶ ጥገና በፊት የጾመ ሰው እንኳ በሆዱ ምግብ ሊቀር ይችላል። በማደንዘዣ በተኛ ጊዜ ያ ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባው ቢገባ ለሕይወቱ ያሰጋዋል። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር በ2023 ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ ማውጣቱ የታወቀ ነው። ሁለተኛ፥ ሴማግሉታይድ የምትወስድ ሴት ለማርገዝ ካሰበች ከሁለት ወር በፊት ልታቆም ይገባታል፤ ምሥጢሯን ለሐኪም ካልነገረች ይህን የሚነግራት የለም። ሦስተኛ፥ የሚያፍር ሰው መድኃኒቱን በስውር ይገዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024፥ በብራዚል፥ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ መገኘቱን ለዓለም አስታውቋል።

፭ኛ፤ ምክር

ሀ) መድኃኒቱ ለመልክ ማሳመሪያ አይደለም። በ2021 በአሜሪካ ክብደት ለመቀነስ ለአዋቂዎች የተፈቀደው ልካቸው 30ና ከዚያ በላይ ለሆነ፥ ወይም 27ና ከዚያ በላይ ሆኖ ከውፍረት ጋር የተያያዘ በሽታ ላለባቸው ነበር።

ለ) ከባሕር ማዶ ያለ ዘመድ በፍቅር ቢልክልዎ እንኳ ሐኪም ሳያማክሩ አይውጉት። መርፌው ከመከፈቱ በፊት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ በሻንጣ የመጣው ይህ ተጠብቆለት እንደ ሆነ አይታወቅም።

ሐ) ከቤተ ሰቡ ልዩ የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር የታመመ ሰው ያለበት፥ ወይም ቀድሞ ቆሽቱን የታመመ፥ ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።

መ) መርፌ ለወሰደም ላልወሰደም የተመጠነ ምግብና የአካል እንቅስቃሴ አይቀሩም፤ ጡንቻን የሚጠብቁት እነዚህ ናቸውና።

ሠ) በትምህርት ቤት ወፍራሙን ልጅ መቀለጃ ማድረግ ፈጽሞ ይከልከል። ዛሬ በሰውነቱ ያፈረ ልጅ ነገ ሕመሙን የሚሸሽግ ሰው ይሆናል።

ስለ መድኃኒቱ ያለን አስተያየት ቢለያይ አያስደንቅም። ነገር ግን የምንደግፈውም የምንነቅፈውም ሰዎች፥ የታመመው ሰው ያለ ፍርሃት ለሐኪሙ እንዲናገር መንገዱን እንክፈትለት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህም ይሠራል።

ለመምህራን የቀረቡ ጥያቄዎች
1. ክብደቱ 72 ኪሎ ግራም፥ ቁመቱ 1.60 ሜትር የሆነ ሰው ልኩ ስንት ነው? ከየትኛውስ ክፍል ይመደባል?
2. ጂ.ኤል.ፒ. 1 በሰውነት ውስጥ የሚሠራቸውን ሦስት ሥራዎች ዘርዝሩ።
3. መርፌ የሚወስድ ሰው ነገሩን ከሐኪም ቢደብቅ ምን ምን ጉዳት ሊደርስበት ይችላል?